የሜሮን ቤት ባለአደራ

እትዬ ዘርፌ ማረፏን የነገረችኝ ሜሮን ናት። ጠዋት ነው፤ ክፍል ልገባ ጠመኔዬን ይዤ በረንዳው ላይ ቆሜ ነበር። ስልኬ ጮኸ። «ጋሼ፣ እማማ ዘርፌ አልነቃ አለችኝ» አለች። ከኋላዋ የሴቶች ጩኸት ሰማሁና ነገሩ ገባኝ።

እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ የመጣብኝ ሐዘን አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር። «በል እንግዲህ፣ የፈራኸው ደረሰ» አልሁት ራሴን። እንባው የመጣው ባጃጅ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው። ያውም ሾፌሩ ዞር ብሎ ምን ሆንህ እስኪለኝ ድረስ ማልቀሴን አላወቅሁትም።

ለምን እንደፈራሁ ለማስረዳት ከሷ መጀመር አለብኝ።

እትዬ ዘርፌ ፋሲሎ ሰፈር ውስጥ ግድግዳ ለግድግዳ የምንዋሰን ጎረቤቴ ነበረች። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ጤና ጣቢያ ነርስ ነበረች። ባል አላገባችም፣ ልጅ አልወለደችም። አጭር ናት፣ ፈጣን ናት፣ መንገድ ላይ ካገኘኋት ለሰላምታ የምትቆመው በአንድ እግሯ ነው። ጭንቅ ሲይዛት የቀኝ እጇን አውራ ጣት በሌሎቹ ጣቶቿ ውስጥ ደብቃ ጭብጥ ታደርገዋለች። እኔ የሆዷን የማውቀው ከፊቷ ሳይሆን ከእጇ ነበር። ፊቷማ ሰው ላይ ስትቀልድ እንኳ አይፈታም።

አብራት ስትሠራ የኖረች ሲስተር የሺ የምትባል ጓደኛ ነበረቻት። የሺ ሐይቁ ዳር ማንጎ የሞላበት ግቢ ያለው የራሷ ቤት ነበራት። ባሏ ቀድሟት ሞቷል። በኋላ እሷንም ሕመም ያዛት፤ ነርስ ናትና እንደማትድን ከሐኪሙ ቀድማ አወቀችው። ልጇ ሜሮን ያኔ ገና ማንበብ መጀመሯ ነው። አንድ ቅዳሜ እትዬ ዘርፌ በራፌ ላይ ቆማ ልብስህን ቀይርና ተከተለኝ አለችኝ፤ ተከተልኋት። የሺ ቤት ስንደርስ ምስክሮች ተሰብስበው ጠበቁን፤ ኑዛዜው ተነበበ። ቤቱ የሜሮን ነው። ሜሮን ለአካለ መጠን እስክትደርስ ግን ዘርፌ በአደራ ትይዘዋለች፣ ታከራየዋለች፣ በሚገኘው ልጅቷን ታሳድጋለች፣ ታስተምራለች። ቤቱ አይሸጥም፣ አይለወጥም፣ በመያዣ አይሰጥም። ከዚያ ቀጥሎ የኔ ስም ተጠራ። ዘርፌ ባትኖር ወይም ባትችል በሷ ቦታ ባለአደራ የሚሆነው እሱ ነው ይላል።

ጆሮዬን ተጠራጠርሁ። የጠየቀኝ ሰው የለም። ዞር ብዬ እትዬ ዘርፌን ባያት ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። የሺ አልጋዋ ላይ ሆና በዓይኗ ስትለምነኝ እምቢ የሚል አንደበት ከየት ይምጣ? እሺ አልሁ።

ስንመለስ መንገድ ላይ ተቆጣሁ። ምነው ሳታማክሪኝ አልኋት። «ብጠይቅህ እሺ ትል ነበር?» አለችኝ። አልልም ነበር። «ታዲያ ለምን እጠይቅሃለሁ?» ብላ መንገዷን ቀጠለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜን ትታ «ተጠባባቂዬ» ትለኝ ጀመር፤ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ጨዋታ የሚያይ ኳስ ተጫዋች መሆኔ ነው። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷ ባሳለች ቁጥር እደነግጣለሁ። ጉንፋን ሲይዛት ዝንጅብል አፍልቼ የምሮጠው እኔ ነኝ። ሚስቴ እናትህንም እንዲህ አላስታመምህ እያለች ትስቅብኝ ነበር። ፍቅር መሰላት። ፍቅርም ነበረበት፤ የሚበዛው ግን ያ ቤት በኔ ጫንቃ ላይ እንዳይወድቅ የሚል ፍርሃት ነው።

አደራውን እንዴት እንደያዘችው ልንገራችሁ። ዋናውን ቤት ፔዳ በሚባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ለሚያስተምሩ ባልና ሚስት አከራየችው፤ የጓሮውን ሰርቪስ ደግሞ ለተማሪዎች። ሜሮንን ወደ ራሷ ኪራይ ቤት፣ አንድ ክፍልና ጓዳ ወዳለው፣ ይዛት መጣች። ሐይቅ ዳር ቤት ያላት ልጅ በሰው ግቢ በኪራይ አደገች ማለት ነው። የሜሮን ቤት ገንዘብ ለብቻው ባንክ ይገባል፤ የሷ ጡረታ ለብቻው ነው። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ የለም። አንድ ጊዜ ለሜሮን ደብተር ስትገዛ አብሬያት ነበርሁ። ለራሷ እስክሪብቶ አማራትና ከጉያዋ ሌላ ቦርሳ አውጥታ ለብቻው ከፈለች። ሻጩ ግራ ገብቶት ሌላዋ ሴትዮ የት ሄደች ብሎ ጠየቀኝ።

ቤቱን ለማየት ስትሄድ ተከራዮቹ ነይ ግቢ፣ ሻይ ጠጪ ይሏታል። እሷ በረንዳው ጫፍ ላይ ቆማ ታነጋግራቸዋለች እንጂ አትቀመጥም። ውሃ እንኳ አትቀምስም። ማንጎው ሲደርስ ለሜሮን በዘንቢል ተሞልቶ ይመጣላታል፤ እሷ ራሷ ማንጎ ካማራት ከገበያ ትገዛለች። አንድ ማንጎ ብትበይ ምን አለበት አልኋት አንድ ቀን።

«ምንም የለበትም። እኔም የምፈራው እኮ ምንም ስለሌለበት ነው» አለችኝ።

ክረምት ሲገባ ሌላ ጣጣ ነው። ከሐይቁ በኩል ደመናው መጥቆር ሲጀምር ጃንጥላዋን ይዛ ትወጣለች። የራሷ ጓዳ ያፈሳል፣ ሳፋ ተደቅኖበታል። እሷ ግን የሜሮን ቤት ጣሪያ እንዳያፈስ ለማየት ትከንፋለች። የራስሽ እያፈሰሰ የት ነው የምትሮጪው ስላት፣ የኔ ሲያፈስ የምረጥበው እኔው ነኝ ትለኛለች። ሜሮንም እዚያው ጣሪያ ስር እንደምትተኛ ላስታውሳት እፈልግና አፌን እይዛለሁ። አንድ ክረምት ታማ ተኝታ ሳለች እኔ ልሂድልሽ፣ እኔ ልየው ብላት እንኳ እምቢ አለች። አደራ የተሰጠኝ እኔ ነኝ፣ የአንተ ተራ ሲደርስ ትሄዳለህ ብላ በትኩሳቷ ተነሥታ ሄደች። ከኋላዋ ቆሜ በልቤ ስንት ነገር ሰደብኋት።

ነገር የተበላሸው ሰፈራችን በመንገድ ሥራ ምክንያት ይነሣል ከተባለ በኋላ ነው። ያ ሁሉ ጎረቤት ተበተነ። እኔም ሌላ ቤት ፈልጌ ወጣሁ። እትዬ ዘርፌ የት ትሄዳለች ተብሎ ማንም አልተጨነቀም፤ መልሱ ግልጽ ነበራ። ሰርቪሱን ተከራይተው የነበሩት ተማሪዎች ተመርቀው ወጥተዋል፤ ባዶ ነው። እኛ አገር ወላጅ የሞተበትን ልጅ የሚያሳድግ ሰው ልጁ ቤት ገብቶ ይኖራል። የሚያስወራው መግባቱ አይደለም፤ አለመግባቱ ነው። የዕድሩ ሰዎች ዕቃሽን መቼ እንጫንልሽ ብለው መጡ። እሷ ግን አባይ ማዶ አንድ የተጨናነቀ ግቢ ውስጥ ጠባብ ክፍል ተከራይታ ሜሮንን ይዛ ገባች። ሰርቪሱን ለአዲስ ተማሪዎች አከራየችው።

ሜሮን ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበረች። ከእትዬ ዘርፌ ጋር መነጋገር አቆመች። የተሰጣትን ትበላለች፣ ታጥባለች፣ ታጠናለች፣ አትናገርም። አንድ ቀን እኔ ጋ መጥታ የራሴ ቤት እያለኝ ስለምን ሰው ቤት አድራለሁ ብላ ጠየቀችኝ። የኪራዩ ገንዘብ ለትምህርትሽ ነው አልኋት። ዋናው ቤት ይከራይ፣ ሰርቪሱ አይበቃንም ወይ አለች። አንጀቴን በላችው።

የሜሮን አጎት፣ የሺ ታላቅ ወንድም፣ ዘጌ የሚያገለግሉ መሪጌታ ናቸው። ከደጀ ሰላሙ ብዙም አይወጡም፤ የእህታቸውን ልጅ የሚያዩት ለበዓል ነው። በዚያ ዓመት ወደ ከተማ ሲሻገሩ ሰፈሩ መፍረሱን ሰምተዋልና፣ እንደ ማንኛውም ሰው፣ ዘርፌና ሜሮን ሐይቁ ዳር ይሆናሉ ብለው በቀጥታ ወደ ቤቱ ሄዱ። ባልና ሚስቱ ሥራ ላይ ናቸው። በሩን የከፈቱላቸው አዲሶቹ ተማሪዎች ሜሮን የምትባል ልጅ አናውቅም አሏቸው። መሪጌታ ጎረቤት ጠየቁ። ዘርፌ አባይ ማዶ ሄዳለች ተባሉ። በቃ። ቤቱን ሸጣ ሸሸች ብለው ደመደሙ። ማን ይፈርድባቸዋል? እኔም ባላውቃት እንደዚያው ነበር የማስበው። አንድም ማንጎ ያልቀመሰችበት ቤት ስለራቀችው ብቻ ሌባ አደረጋት።

በሳምንቱ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው በጀልባ ተሻገሩ። እኔም ተጠራሁ። ስሄድ አንድ ሐሳብ አልለቀቀኝም። እውነት አንድ ነገር ጎድሎ ቢሆንስ? እሷ ብትሻርና ነገ እኔ ላይ ቢወድቅስ? እትዬ ዘርፌ ክፍል ስገባ ሁሉም ተቀምጠዋል፤ ሜሮን ጓዳው በር ላይ ቆማለች። መሪጌታ ብዙ ጸለዩ፣ ብዙ መከሩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እህቴ፣ የሟችን ቤት ለማን ሸጥሽው?» አሏት።

እጇን አየሁ። አውራ ጣቷ ተደብቋል። ነጠላዋን አነሣችና ተነሡ አለችን። በሁለት ባጃጅ ተጭነን ሐይቁ ዳር ደረስን። ባልየው ተከራይ በሩን ከፍቶ ሲያያት ባለአደራችን መጡ ብሎ ወደ ውስጥ ተጣራ። መሪጌታ ግቢውን ዞሩት። ጣሪያው ታድሷል፣ ግድግዳው ተቀብቷል፣ እህታቸው የተከለችው ማንጎ ሁሉ በቦታው ነው። ፊታቸው ላይ እፍረት አየሁ። ቆይቶ ግን ሌላ ቁጣ መጣባቸው። ቤቱ ካለ ልጄ ስለምን ትንገላታለች፣ አንቺስ ስለምን አትገቢም አሏት።

«መሪጌታ» አለች እትዬ ዘርፌ፣ «እኔ ቤት ኖሮኝ አያውቅም። ከእናቴ ቤት ከወጣሁ ጀምሮ በኪራይ ነው የኖርሁት። እዚህ ብገባ መጀመሪያ የሜሮን ቤት እላለሁ። ትንሽ ቆይቼ ቤታችን እላለሁ። ከዚያ በኋላ ምን እንደምል አላውቅም። ራሴን ፈርቼ ነው።»

እኔ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ እንዲያውም በእፎይታ ልስቅ ምንም አልቀረኝም። መሪጌታ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይህ ላንቺ ነፍስ መልካም ነው፣ እህቴ። አደራው ግን ላንቺ ነፍስ ነው ወይ የተሰጠሽ? ለልጅቷ ነው» አሉና ጉዳዩን ፍርድ ቤት ይየው ብለው ሄዱ።

ቀጠሮው እስኪደርስ ድረስ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። እሷም እህል አልወርድ ብሏት ከሳች። ችሎት ስንገባ እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ የከተተኝን ቅዳሜ እረግም ነበር። ዳኛዋ በዕድሜ ከኛ የሚያንሱ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው። እትዬ ዘርፌ ያቀረበችውን ሒሳብ አንብበው አንድ በአንድ ጠየቋት፤ መለሰች። የጎደለ የለም። የሜሮንን ከራሷ አልቀላቀለችም፣ ከኑዛዜው ቃል አልወጣችም፣ ከአደራው ንብረት ለራሷ የወሰደችው የለም። ዳኛዋ ባለአደራ ማድረግ ያለበትን አድርገዋል አሉ። መቼም የዚያን ቀን የተነፈስሁት ትንፋሽ የዓመት ነው።

ዳኛዋ ግን አልጨረሱም። ባለአደራ ከንብረቱ መጠቀም የለበትም የተባለው ልጅቷን ለመጠበቅ እንጂ ልጅቷን ለመጉዳት አይደለም አሉ። ሜሮን በቤቷ ብትጠቀም የሚሻላት ከሆነ አስፈቅዳችሁ ማድረግ ትችላላችሁ፤ እኔም እፈቅዳለሁ። አስቡበት ብለው መዝገቡን ዘጉት።

ከበሩ ስንወጣ እትዬ ዘርፌ ክንዴን ያዘችኝ። በዚያ ሁሉ ዓመት ክንዴን ይዛኝ አታውቅም። ጥላ ያለበት ቦታ ፈልጌ አስቀመጥኋት። «ለልጅቷ ብዬ ነው ወይስ ለራሴ ስም ብዬ ነው?» አለችኝ። «ንገረኝ እንጂ። ተሳስቼ ይሆን?» ለልጅቷ ነው ብላት ትንሽ መዋሸት ይሆንብኛል፤ ለስምሽ ነው ብላት ደግሞ ትልቅ ውሸት ነው። እስከዛሬም መልሱን አላገኘሁትም። ያን ቀን ያየኋት እትዬ ዘርፌ እስከዚያ ከማውቃት ሁሉ ታስፈራ ነበር፤ ትክክል ስለ መሆኗ የምትጠራጠር እትዬ ዘርፌ አይቼ አላውቅማ።

ከሰነበተች በኋላ ፍርድ ቤት ተመልሳ አስፈቀደች። ከሰርቪሱ አንዱ ክፍል ለሜሮን ማጥኛ ሆነ። ቁልፉንም ለራሷ ለሜሮን ሰጠቻት። ሜሮን ከትምህርት ቤት ወደዚያ ትሄዳለች፣ ታጠናለች፣ ከሐይቁ በሚመጣው ነፋስ ተቀምጣ ትውላለች፤ ሲመሽ እትዬ ዘርፌ መጥታ ከበር ትወስዳታለች። ራሷ አትገባም። እዚህ ላይ ዳኛም መሪጌታም ሊያሸንፏት አልቻሉም። ሜሮን ግን ተመልሳ መናገር ጀመረች። ሲመጡ መንገድ ላይ አያቸው ነበር፤ ልጅቷ ታወራለች፣ አሮጊቷ ትሰማለች፣ አንዳንዴም በዚያ በማይፈታ ፊቷ አንድ ነገር ጣል ታደርግና ልጅቷን ታስቃታለች። መሪጌታም ለበዓል ሲመጡ የዘጌ ቡና ይዘውላት መምጣት ጀመሩ። እሱን ተቀበለች። የዚያ ቤት አይደለማ።

ሜሮን ለአካለ መጠን ልትደርስ ጥቂት ወራት ሲቀራት እትዬ ዘርፌ ቀኑን በጉጉት መጠበቅ አበዛች። አንድ ቀን ስጠይቃት፣ ያን ጊዜ ልተኛ ነው አለችኝ፤ ጠግቤ ልተኛ ነው፣ ዝናብ ቢዘንብም አልነሣም። ያን እንቅልፍ ሳታገኘው ሞተች። ይኼ ነው እስካሁን የሚያናድደኝ። ትንሽ ቢጨምርላት ምን ነበረበት?

እንግዲህ ሜሮን በደወለችልኝ ጠዋት አባይ ማዶ ደረስሁ። ሬሳው ውስጥ ነው፤ ሴቶቹ ያለቅሳሉ። ዕድርተኞች ድንኳኑን በመኪና ጭነው መጥተው በር ላይ ቆመዋል፤ የሚተክሉበት ቦታ ግን የለም። ግቢው ለራሱ ተከራዮችም አይበቃም። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ቢዘጋ የሌላው ሰው መውጫ ይዘጋል። የግቢው ባለቤት ክፉ ሰው አይደለም፤ እጁን እያሻሸ ምን ላድርግ ይላል። የዕድሩ ሊቀመንበር የት እንትከል ብለው ጠየቁኝ። እኔን ለምን ይጠይቁኛል ስል ሜሮን ከውስጥ ወጣች። ዓይኗ አብጧል፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች።

«ሐይቁ ዳር ውሰዱት። እኔ ቤት» አለች።

ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየ። ከዚያ ጠዋት ጀምሮ ባለአደራው እኔ ነኝ። ግቢው በኪራይ ተይዟል። ያ ሁሉ ሕዝብ ገብቶ አንድ ነገር ቢሰበርስ? በመጀመሪያ ቀኔ የአደራ ንብረት ለሌላ ነገር አዋለ ብባልስ? የልጅቷ ዕድሜ ገና አልሞላም። አንድ በአንድ ሳስበው ሁሉም የእትዬ ዘርፌ ጭንቀት ነው፤ ድምፁም የሷ ነው። ለተከራዩ ደወልሁ። በራሳችን ግቢ ማልቀስ እንፈልጋለን፣ ምን ትጠይቀኛለህ አለኝ። እሱ እንኳ ቀለለ። የእትዬ ዘርፌ ግን አልቀለለኝም።

ሜሮንን ወደ ጎን ወስጄ፣ «ልጄ፣ እሷ ብትኖር እሺ አትልም ነበር። በሕይወቷ እዚያ ቤት አልተቀመጠችም። በሞቷ እንዴት አድርጌ ላስገባት?» አልኋት።

«አውቃለሁ፣ ጋሼ። ለሷ ቢሆን አልጠይቅዎትም ነበር፤ ለሷማ ቢሆን እሷም አትፈልገውም» አለች። እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። «ለኔ ነው። የመጀመሪያዋ እናቴ ስትሞት ልጅ ነበርሁ፣ ሰው ቤት ወስደው አስተኙኝ። አሁን ሌላዋ ሞተችብኝ። ሰው እናቱ ስትሞትበት የሚቀመጠው ቤቱ ነው።»

መሪጌታ ያን ጊዜ ሐይቁ ዳር የተናገሩት፣ ዳኛዋም ችሎት ላይ የደገሙት ያኔ ነው በደንብ የገባኝ። ቤቱ የማን ነው፣ የተያዘውስ ለማን ነው? የተያዘላት ልጅ ፊቴ ቆማ ትለምነኛለች። እትዬ ዘርፌን ፈራኋት፣ ያውም ሬሳዋ ገና ሳይወጣ፤ ፈርቼም ለሊቀመንበሩ «ድንኳኑን ጫኑት» አልኋቸው። የዕድሩ ወጣቶች የወረደውን የድንኳን ቋሚ መልሰው ጫኑት። ሾፌሩ ቤቱን አያውቀውም ነበር። ሜሮን ከፊት ገብታ አጠገቡ ተቀመጠችና መንገዱን እያሳየችው ሄዱ።